ጉድፍ ነው ወይስ ሰው?

በረሃው ጠፍጣፋ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ቆመዋል፤ አንዱ እንግሊዛዊ መኮንን ነው፣ ሌላው መንገድ መሪው። ሁለቱም ሩቅ ያያሉ። እኛም አብረናቸው እናያለን፣ ግን የሚታይ ነገር የለም። አሸዋ አለ፣ ሰማይ አለ፣ በሁለቱ መሀል እንደ ውሃ የሚንቀጠቀጥ ሙቀት አለ። ከዚያ እዚያ ሙቀት ውስጥ አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቅ ትላለች። ትጠፋለች። ተመልሳ ትመጣለች፣ ትረዝማለች፣ ለሁለት የተከፈለች ትመስላለች። ነጥቧ ግመል ላይ የተቀመጠ ሰው መሆኗ የሚገባን ብዙ ቆይቶ ነው።

ፊልሙ «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ» ነው፣ የ1962 ሥራ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊን፣ የካሜራው ሰው ፍሬዲ ያንግ፣ ነጥቧ ደግሞ ግብፃዊው ኦማር ሸሪፍ ነው። ያንግ ይህን ለመቅረጽ የተጠቀመው 482 ሚሊሜትር የሆነ ረጅም የፓናቪዥን ሌንስ ነው። ታሪኩ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዐረቦች በኦቶማን ቱርኮች ላይ ያካሄዱትን ዐመፅ ይከተላል፤ የሚጀምረውም ከኛ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ባለው በሂጃዝ ነው። የሰፈራችን ሴቶች «ጅዳ» እያሉ የሚያወሩለት ምድር ማለት ነው፤ እነሱ ግን የሚያወሩት ስለ ግመል ሳይሆን ስለ ማድቤት ነው።

እኔ ትዕይንቱን መጀመሪያ ያየሁት ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ አጎቴ ቤት፣ በቪሲዲ ነው። ጋሼ የጦርነት ፊልም ነፍሱ ነው። ከሰፈር ቪዲዮ ቤት ሦስት ሲዲ በአንድ ላስቲክ ታስሮ ተከራይቶ መጣ። ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ ነጥቧ አልታየችንም። ስክሪኑ ላይ ቢጫና ሰማያዊ ነገር ቆሞ ቀረ። ትንሽ ጠበቅን። ጋሼ «ስታክ አደረገ» አለና ሲዲውን አውጥቶ፣ በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ፣ መልሶ ከተተው። ሁለተኛም ቆመ። በስተመጨረሻ ሰውዬው ከየትም ሳይመጣ መጣ፣ ተኩሶ ገደለ፣ ፊልሙ ቀጠለ። ሦስተኛው ሲዲ እውነትም ስታክ ስለሚያደርግ የፊልሙን መጨረሻ ያየሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።

በኋላ ኢንጂነሪንግ ስማር ሒሳቡን ሠራሁት። ቪሲዲ በ352 በ288 ነው፤ 101,376 ነጥብ። ፊልሙ ደግሞ ሰፊ ነው፣ ቁመቱ 1 ከሆነ ስፋቱ 2.20። የድሮው ካሬ መሰል ቴሌቪዥን እንዲሞላ ጎንና ጎኑ ሲቆረጥ ከምስሉ ከአሥር አራት እጅ ገደማ ይጣላል። በቀረው ላይ መጭመቂያው ይመጣል፤ ሥራው «ይህቺ ለውጥ ትንሽ ናት፣ ማንም አያያትም» እያለ መሰረዝ ነው። ኦማር ሸሪፍ ከግመሉ ጋር የተሰረዘው እንዲህ ነው።

አሁን ያለሁት ሶፍትዌር በመጻፍ ሥራ ላይ ነው፤ የማታ ሱሴ ደግሞ የድሮ ፊልሞች እድሳት። በተለይ 4ኬ የሚባለው፣ በአልትራ ኤችዲ ብሉ ሬይ ዲስክ ለቤት የሚወጣው። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። «ያው ፊልም አይደለም እንዴ?» ይላሉ። ያው ነው፤ የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው። እንዴት አድርገህ ነው ያውን ፊልም ያውን አድርገህ የምታቆየው?

የዚህ ፊልም ታሪክ ራሱ የመቆራረጥ ታሪክ ነው። በ1962 ለንደን ላይ ሲመረቅ 222 ደቂቃ ነበር። ወዲያው ወደ 20 ደቂቃ ገደማ ተቆረጠ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዳግመኛ ሲታይ ደግሞ ወደ 187 ወርዶ ነበር። ሮበርት ሃሪስና ጂም ፔይንተን የተባሉ ሰዎች የተጣሉትን ቁርጥራጮች አሰባስበው፣ ሊን ራሱ በሕይወት እያለ አብሯቸው ተቀምጦ፣ በ1989 መልሰው አቆሙት። ከተገኙት ቁርጥራጮች አንዳንዶቹ ድምፅ አልነበራቸውም። ስለዚህ ፒተር ኦቱል ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ስቱዲዮ ገባና ለወጣቱ ለራሱ ድምፅ ሰጠ። ሸምግሎ የራስን ወጣትነት አፍ እየተከተሉ መናገር ምን እንደሚመስል አስቡት። ጄኔራል አለንቢን የተጫወተው ጃክ ሃውኪንስ ግን በ1973 ሞቷል። የሱን ቦታ ቻርለስ ግሬይ የተባለ ተዋናይ ሸፈነው፤ ሃውኪንስ በጉሮሮ ካንሰር ድምፁን ካጣ በኋላ ድሮም በሌሎች ፊልሞች የሚናገርለት ግሬይ ነበርና። ይህቺን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ከዚያ ዲጂታሉ ዘመን መጣ። ለፊልሙ 50ኛ ዓመት ሶኒ፣ በግሮቨር ክሪስፕ መሪነት፣ ካሜራው ውስጥ የነበረውን የመጀመሪያውን ኔጋቲቭ በ8ኬ ስካን አድርጎ በ4ኬ አደሰው፤ በ2012 ካን ላይ ታየ። ለቤት በ4ኬ ዲስክ የወጣው በ2020 ነው። ኔጋቲቩ 65 ሚሊሜትር ነው፤ ከተለመደው 35 ሚሊሜትር ጋር ስታስተያዩት እንደ ነጠላና እንደ ጋቢ ነው። ውስጡ ያለውን ዝርዝር ለማውጣት 8ኬ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ችግሩ፣ ስካነሩ ጥሩውንና መጥፎውን ለይቶ አያወጣም። ሁሉንም ነው የሚያወጣው። ምስሉን የያዘው የኔጋቲቩ ስስ ሽፋን በበረሃ ሙቀት ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። በጣም ቀጫጭን ስንጥቆች ናቸው፣ ዝናብ እንደራቀው ጭቃ። በድሮ ኮፒ አይታዩም ነበር፤ 8ኬ ላይ ግን የሰው ፊት ላይ ወጡ።

እዚህ ጋ ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ልቆይ፤ ታገሱኝ።

ጉድፍ የሚያጠፋ ሶፍትዌር በመሠረቱ ቀላል ጥያቄ ነው የሚጠይቀው። አንድ ፍሬም ይይዝና ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ያያል። አንዲት ነጥብ እዚህ ኖራ እዚያም እዚያም ከሌለች፣ አቧራ ናት ይላል፤ ከጎረቤት ፍሬም ቆርሶ ይሞላታል። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው፤ ይህ ፊልም በሙዚቃ መግቢያውና በእረፍቱ 227 ደቂቃ ያህል ስለሆነ ከ3 መቶ ሺህ ፍሬም በላይ አለው። ይህን ሁሉ በእጅ ማጽዳት ስለማይቻል ማሽኑ የግድ ነው። ግን ማሽኑ የማያውቀው ነገር አለ። የጥይት ብልጭታም አንድ ፍሬም ላይ ብቻ ነው የምትኖረው። ከግመል ኮቴ የሚፈናጠር ጠጠርም እንዲሁ፤ የውሃ ፍንጣቂም። ለማሽኑ ሁሉም አቧራ ናቸው። ስለዚህ ጥሩ እድሳት ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ዓይኑ እስኪቀላ፣ «ይህቺ አቧራ ናት፣ ይህቺ ግን አሸዋ ናት» ይላል። በረሃ ላይ ይህን ማለት ቀልድ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ግሬይን የሚሉት ነው። ፊልም ቀርባችሁ ስታዩት ላዩ ላይ እንደ ጤፍ ዱቄት የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። ብዙ ሰው እሱን ቆሻሻ ነው የሚለው። ቆሻሻ አይደለም። ምስሉ የተሠራው ከነዚያ ቅንጣቶች ነው፤ ከኋላቸው የተደበቀ ሌላ ንጹሕ ምስል የለም። ቅንጣቶቹን ስታጠፋ የቆዳ ቀዳዳዎች፣ የጨርቅ ክር፣ የሩቅ ድንጋይ አብረው ይሄዳሉ። በ2008 ብሉ ሬይ ላይ የወጣው የ«ፓተን» እትም የታወቀ ምሳሌ ነው። እሱም የጦርነት ፊልም፣ እሱም በ65 ሚሊሜትር የተቀረጸ፤ ግን ግሬይኑ በማጥሪያ ስለተፋቀ የጄኔራሉ ፊት ሰም መስሎ ወጣ። ፊልም ወዳዱ ጮኸ፣ በ2012 እንደገና ተሠራ። ማጥሪያውን የጫነው ሰው ክፉ ሐሳብ እንዳልነበረው እርግጠኛ ነኝ። ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን አዲስ በነበረበት ጊዜ ሰው ሁሉ «ጥራት» የሚለው ልስላሴን ነበር።

ግሬይን ለመጭመቂያም ጠላት ነው፤ ሥርዓት ስለሌለው መገመት አይቻልም፣ መገመት ያልተቻለ ነገር ደግሞ ቦታ ይፈጃል። የ4ኬ ዲስክ በሰከንድ እስከ 128 ሜጋቢት ማስተላለፍ ስለሚችል ይሸከመዋል። በኢንተርኔት የሚመጣው ግን የዚህን ቁራሽ ነው የሚያገኘው፤ እንደኔ ቤት ኢንተርኔት ከሆነማ ባናወራው ይሻላል። ኤቪ1 የተባለው መጭመቂያ ዘዴ አለው፦ ግሬይኑን መጀመሪያ ይለካል፣ ያጠፋዋል፣ ለስላሳውን ምስል ይልካል፣ ከዚያ እናንተ ቤት ሲደርስ በልኬቱ መሠረት አዲስ ግሬይን ሠርቶ ይነሰንስበታል። እንደ ፕሮግራመር አደንቃለሁ። እንደ ተመልካች ግን አንድ ሰው ፂሜን ላጭቶ በምትኩ ያንኑ ያህል ሰው ሠራሽ ፂም እንደለጠፈልኝ ይሰማኛል።

ዲስኩ እጄ የገባው ባለፈው ዓመት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ለገና ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ይዛልኝ መጣች። (የ4ኬ ዲስክ እንደ ዲቪዲ በአገር አይቆለፍም፤ አሜሪካ የተገዛው እዚህ ይሠራል። ለማታውቁ።) ማጫወቻው የጓደኛዬ ፕሌይስቴሽን 5፣ ቴሌቪዥኑ የጋሼ። ፊልሙ በሁለት ዲስክ ስለተከፈለ በእረፍቱ ላይ ዲስክ መቀየር አለ፤ እኛ ግን ከዚያ በፊትም መብራት ጠፍቶ ሌላ እረፍት አግኝተናል።

እማዬ የጦርነት ፊልም አታይም። በቤታችን ሕግ ነው፤ ማንም ያወጣው ሕግ አይደለም፣ ግን ሕግ ነው። ያን ቀን ጋሼ ቤት የመጣችው ለቡና ነው። እኛ ጉድጓዱ ጋ ደርሰናል። እኔ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ነጥቧን እየጠበቅኩ ነው፣ የት ቦታ እንደምትወጣ እንኳ አውቃለሁ። እማዬ የፈንዲሻ ሰሃን ይዛ ከኋላዬ መጣችና ቆም አለች።

«ያ የሚመጣው ማነው?» አለች።

እኔ ገና አላየሁትም ነበር።

ሰሃኑን እንደያዘች ቆማ አየችው፤ ነጥቧ ስትረዝም፣ ስትቀጥን፣ ግመል ስትሆን። አንድም ቃል አልተናገረችም። መንገድ መሪው ተተኩሶበት ሲወድቅ «ውይ!» ብላ ሰሃኑን አስቀምጣ ወጣች። የቀረውን አላየችም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፊልም በደንብ አየሁት ማለት አልችልም፤ ግን ያየሁትን ልንገራችሁ። ኦቱል የክብሪቱን እሳት እፍ ሲላትና ወዲያው በረሃው ላይ ፀሐይ ስትወጣ ያለው ቅያሪ በኤችዲአር ሌላ ነገር ነው። የድሮው የቴሌቪዥን ደረጃ ብርሃንን በጠባብ ገደብ ውስጥ ያፍነዋል፤ ኤችዲአር ገደቡን ከፍ ስለሚያደርገው ኔጋቲቩ ውስጥ ድሮም የነበረው የብርሃንና የጥላ ልዩነት ቦታ ያገኛል። ጎልቶ ሲሠራ ደግሞ ፀሐይዋ የስታዲየም ፓውዛ ትሆናለች። ይሄኛው አልበዛበትም፣ ዓይን አያስጨፍንም። የአቃባ ከተማ ስትወረር ካሜራው ከላይ ሆኖ ፈረሶቹን እስከ ባሕሩ ሲከተል እያንዳንዱን ፈረስ ለይታችሁ ታያላችሁ። ያቺ «አቃባ» እውነተኛዋ አይደለችም፤ ደቡብ ስፔን ባሕር ዳርቻ ላይ ተሠርታ ነው የተቀረጸችው።

ግን 4ኬ የሚያሳየው የሚያምረውን ብቻ አይደለም። አሌክ ጊነስ እንግሊዛዊ ነው፤ ልዑል ፋይሰልን የሚጫወተው ፊቱ ጠቁሮ ነው። አንቶኒ ክዊን አውዳ አቡ ታይን ለመሆን የውሸት አፍንጫ ለብሷል። በጋሼ ቪሲዲ እነዚህ ሁለቱ በቃ ዐረቦች ነበሩ። አሁን ቀለሙ ቆዳው ላይ ሲቀመጥ ይታያል፣ አፍንጫው ከጉንጩ የሚገናኝበት ቦታ ይታያል። በ1962 ሎንዶንና ሆሊውድ የዐረብ ልዑል ሲያስፈልጋቸው እንዴት እንደሚሠሩት በ8 ሚሊዮን ነጥብ ተቀምጧል። ማጥሪያ ቢጫንበት ይህም ይለሰልስ ነበር፤ ጊነስ ደህና አድርጎ ዐረብ ይሆን ነበር። እኔ አለመለስለሱን ወድጄዋለሁ። ዮርዳኖስ በረሃ ላይ ከኋላቸው በግመል የሚሄዱት ሰዎች ፊት ግን ያለምንም ቀለም፣ ልክ እንደዚያ ቀን ፀሐይ፣ እዚያው አለ። ስማቸውን አላውቅም። ፊታቸውን ግን አሁን አውቀዋለሁ።

ስለዚያው ጦርነት የተሠራ ሌላ ሥራ አለ። ፒተር ጃክሰን በ2018 ያወጣው «ዘይ ሻል ኖት ግሮው ኦልድ»። በእንግሊዝ የጦርነት ሙዚየም ያሉትን እውነተኛ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀረጻዎች ወሰደ፣ ቀለም ቀባቸው፣ ድምፅ ሰጣቸው። የድሮ ካሜራ በእጅ ስለሚዞር በሰከንድ 24 ፍሬም አይሞላም፤ ጎዶሎውን በኮምፒዩተር ሞላው። እንግዲህ እነዚያ የገቡት ፍሬሞች ላይ ያለው ወታደር በትክክል አነጋገር የለም። ከፊቱና ከኋላው ካለው ፍሬም የተገመተ ነው። መጀመሪያ ሳየው አልቅሻለሁ፤ ልጆቹ ድንገት ሰው ሆኑ፣ ካሜራውን እያዩ ይስቃሉ። ሁለተኛ ሳየው ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ፦ የትኛው ፈገግታ ነው የተገመተው?

ከዚያ ወዲህ ግምቱ እየደፈረ ሄዷል። በ2024 የጄምስ ካሜሮን የድሮ ፊልሞች በ4ኬ ሲወጡ ትልቅ ክርክር የተነሳው ለዚህ ነው፤ ማሽኑ ዝርዝር ከማውጣት አልፎ ዝርዝር ይጽፋል ተባለ። ልዩነቱ እንዲህ ነው። የድሮው ማጥሪያ የማያውቀውን ያጠፋል። አዲሱ የማያውቀውን ይሞላል። የሚሞላው ደግሞ ከዚህ በፊት ካያቸው ሚሊዮን ፊቶች ነው፤ ስለዚህ የሚሰጥህ ሰውዬውን ሳይሆን ሰውዬው ሊሆን ይችል የነበረውን አማካይ ሰው ነው።

ይህን የማውቀው ከሥራ አይደለም።

የአክስቴ ልጅ ሻንጣዋ ውስጥ ሌላም ነገር ነበር። አባቴ ባድመ ሲሞት እኔ ሦስት ዓመቴ ነው። ያለን ፎቶ አንድ ነው፤ ከመዝመቱ በፊት የተነሳው ጉርድ ፎቶ፣ ሦስት በአራት። እማዬ የጸሎት መጽሐፏ ውስጥ ነው የምታኖረው። መሀሉ ላይ ታጥፏል፤ እጥፋቱ ግንባሩን ሰያፍ አቋርጦ በግራ ቅንድቡ በኩል ይወርዳል። የአክስቴ ልጅ ያለፈው ጊዜ ስትመጣ በስልኳ አንስታው ነበር። አሜሪካ ወስዳ ፎቶ በሚያድስ አፕ አሳለፈችው፣ በትልቁ አሳተመችው፣ በወርቃማ ፍሬም አስገባችው፣ አውሮፕላን ላይ እንዳይሰበር በሁለት ጋቢ ጠቅልላ አመጣችው። ስታወጣው እጇ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ፎቶው ያምር ነበር። እጥፋቱ የለም። ዓይኑ ያበራል። ቆዳው ለስላሳ፣ ቅንድቡ ሙሉ።

እማዬ አቀፈቻት፣ ሳመቻት፣ መረቀቻት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ የኔ ልጅ፣ ጉልበትሽን ይባርከው» አለቻት። ከዚያ ማድቤት ገባች፤ ተከተልኳት። ጀበናውን እያጠበች ነበር።

«ማንን ነው ያመጣችልኝ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

አባቴ ግራ ቅንድቡ መሀል ላይ ጠባሳ ነበረው። ልጅ ሆኖ ከብት ሲጠብቅ በድንጋይ ተፈንክቶ፤ እዚያች ቦታ ላይ ፀጉር አይበቅልም። ፎቶው ላይ አለች፣ ግን እጥፋቱ አጠገቧ ስለሚያልፍ አፕሊኬሽኑ የእጥፋቱ አካል መስላው አብሮ ሞላት። ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ናቸው፤ አንዱ የወረቀቱ ስንጥቅ፣ አንዱ የሰውዬው። ከወረቀቱ ብቻ ተነስቶ መለየት አይቻልም። የሚለየው የሚያውቀው ሰው ነው፣ እሷም ማድቤት ነበረች፤ አፕሊኬሽኑ አልጠየቃትም።

የአክስቴን ልጅ አልወቅስም። ፍቅር ነው ያመጣችው፣ በዚያ ላይ የሻንጣ ኪሎዋን አጥፍታበት። ግን የቻርለስ ግሬይ ነገር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። የጃክ ሃውኪንስ ድምፅም ተተክቷል፤ በጥብቅ ከሄድን እሱም ማጭበርበር ነው። ልዩነቱ ምንድነው? እዚያ የሟቹን ድምፅ የሚያውቁ ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ ሊን ነበር፣ የመረጡትም ድሮ ሲናገርለት የኖረውን ሰው ነው፣ መተካቱንም አልደበቁም። እዚህ ግን ማንም ሰው አልተቀመጠም።

ሳምንት ቆይቼ ፎቶውን ከእማዬ ለመንኩና ማተሚያ ቤት ያለው ጓደኛዬ ጋ ወሰድኩት። ራሷም አብራኝ ሄደች፤ ፎቶውን ለብቻው አትሰጥም። በኢንች 2,400 ነጥብ አድርገን ስካን አደረግነው። ሦስት በአራት ሴንቲሜትር ወረቀት በዚህ ልክ ወደ 10.7 ሚሊዮን ነጥብ ይመጣል፣ ከ4ኬ ስክሪን ይበልጣል ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ወረቀቱ ውስጥ ያን ያህል ዝርዝር የለም፤ አብዛኛው ነጥብ ያሳየን የወረቀቱን ጭረትና የጣት አሻራ ነው። ቢሆንም ጠባሳዋ ስክሪኑ ላይ ስትመጣ እማዬ ወንበሯን ወደፊት ሳበች።

ማጥሪያ አልተጠቀምኩም። ትንሽዋን ብሩሽ ይዤ በእጄ ሄድኩበት። አንድ ነጥብ አጎላለሁ፣ እጠይቃታለሁ፣ ትመልሳለች። «ይሄ አቧራ ነው፣ ጥረገው።» «ይሄ ማርያም የሳመችው ነው፣ እንዳትነካው።» «ይሄ ምን እንደሆነ እንጃ… ተወው።» የምታመነታበትን ሁሉ ተውኩት። ሁለት ሰዓት ፈጀብን፤ ጓደኛዬ ደንበኞቹን ወደ ሌላኛው ኮምፒዩተር እያዞረ ታገሰን። እንዲህ ረጅም ሰዓት ስለ አባቴ ፊት አውርተን አናውቅም። ጆሮው አንዱ ከአንዱ ዝቅ እንደሚል፣ ፎቶ አንሺው «ቀና በል» ሲለው እንደተቆጣ፣ ኮሌታው የሱ ሳይሆን የተበደረው እንደሆነ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

በመጨረሻ እጥፋቱ ቀረ። በጥንቃቄ ከሄድኩ ጠባሳዋን ሳልነካ ልደፍነው እችል ነበር፤ ነገርኳት። ስክሪኑን ትንሽ አየች።

«እሱን እኔ ነኝ ያጠፍኩት» አለች። «መርዶው የመጣ ቀን፣ እጄ ውስጥ ነበር።»

ብሩሹን ዘጋሁት።

ፋይሉን ሦስት ቦታ አስቀምጬዋለሁ። አንድ ኮፒ በፖስት ካርድ መጠን አሳትመን ለጋሼ ሰጠነው፤ እሱ ቴሌቪዥኑ ሥር አቆመው። የወርቃማው ፍሬም ግን አሁንም እኛ ሳሎን ተሰቅሏል፣ እማዬ በየሳምንቱ አቧራውን ትጠርግለታለች። የአክስቴ ልጅ ለገና እንደገና ትመጣለች።